«ጨነቀኝ» ሲሉን ምን እንጻፍ?

በዚህ ሴሚስተር የምናነበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ኦቨርዌልም» የሚለውን ግስ ይደጋግመዋል። በዕብራይስጥ «ሙጻፍ» እንለዋለን፤ ጎርፍ የዋጠው እንደማለት። የእንግሊዝኛውም ሥር ከዚያ አይርቅም፤ ጥንት እንደ ጀልባ መገልበጥ ማለት ነበር። በአማርኛ «ተጥለቀለቅሁ» ብል ግን ሰው ሁሉ «በደስታ?» ይለኛል። እናቴን ብጠይቃት «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ ነዋ!» አለችኝ። ጎርፍ የለበትም፤ ሸክም ነው።

ይህን ለጨዋታ አላነሳሁትም። በተግባር ልምምዴ ላይ አንዲት እናት «ጨንቆኛል ልጄ» ሲሉኝ «ኻራዳ» ብዬ ተረጎምኩት። በመዝገባቸው ላይም የጭንቀት ሕመም ተብሎ ገባ። በኋላ ቤታቸው ስሄድ ያልተከፈቱ የዕብራይስጥ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። «የሚያነብልኝ አጥቼ እኮ ነው የጨነቀኝ» አሉኝ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አነበብናቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በየቢሮው ለወላጆቻችን ስናስተረጉም ያደግን ልጆች ግን ሁላችንም እንደዚህ እንፈጥናለን፤ አማርኛውን የምናውቀው ይመስለናል። አሁን ብዕር ከማንሳቴ በፊት «ምኑ ነው የጨነቀዎት?» እላለሁ። ያንን መዝገብ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።