ከሐሮማያ የሚገኝ ትምህርት

ውኃ የሰው፥ የእንስሳና የአዝርዕት ሕይወት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በዓይን የሚታየውን ወንዝና ምንጭ ብንጠብቅም፥ ከምድር በታች ያለውን ውኃ ማለቂያ እንደሌለው ሀብት ቈጥረን ማንም እንደ ወደደ እንዲቀዳው ትተነዋል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን በሐሮማያ የሆነው ነገር ይመሰክራል።

የሐሮማያ ሐይቅ ከሐረር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ የሚገኝ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ጥልቀቱ እስከ 8 ሜትር ይደርስ ነበር። የሐረር ሕዝብ ከዚያ ይጠጣ ነበር፤ አጥማጆች ዓሣ ያወጡበት፥ የውኃ አእዋፍም ይሰፍሩበት ነበር። ዳሩ ግን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፈጽሞ ደረቀ። ዓሣው አለቀ፤ አእዋፉም ተሰደዱ፤ ታንኳ ይቀዘፍበት የነበረው ስፍራ የከብት መሰማሪያ ሆነ።

የዚህ ጥፋት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያሉት ኰረብቶች ዛፋቸው ስለ ተመነጠረ ዝናሙ አፈሩን እያጠበ ሐይቁን በደለል ሞላው፤ ጥልቀቱም ሲያንስ ውኃው በፀሐይ ቶሎ ተነነ። ከዚህም ጋራ ጫትና አትክልት የሚያለማው ሁሉ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተክሎ፥ ከሐይቁና በሐይቁ ዳር ከተቈፈሩት ጕድጓዶች ያለ ልክ ሳበ። የሐይቁ ውኃና የጕድጓዱ ውኃ በምድር ውስጥ የተያያዙ ናቸውና፥ ጕድጓዱ ሲሳብ ሐይቁ ይጎድላል፤ ሐይቁ ሲጎድል ደግሞ የጕድጓዱ ውኃ ወደ ታች ይርቃል። ገበሬው ልጆቹን ለማሳደግ የደከመ ስለ ሆነ ብቻውን ሊወቀስ አይገባም። ስንት ሞተር እንደ ተተከለ፥ ስንት ውኃም እንደ ተቀዳ ሳይቈጥር የቆየ ኃላፊ ሁሉ የወቀሳው ተካፋይ ነው።

የሐረር ከተማ ብዙ ዘመን በውኃ ጥም ከተቸገረች በኋላ፥ በድሬዳዋ አካባቢ ቈላ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች፥ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ ውኃ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የዚያ ቈላ የምድር ውኃ ራሱ በሐረርጌ ደጋ ከሚዘንበው ዝናም የሚጠራቀም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ደጋው ከተራቈተ ዝናሙ ወደ ምድር ሳይሠርግ በጎርፍ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ማጥፋቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንግዲህ በክረምት የሚያሰጥመንና በበጋ የሚጠማን ውኃ አንዱ ያው ውኃ ነው።

ይህም የሐረርጌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ከምትጠጣው ውኃ ከፍ ያለውን ድርሻ ከአቃቂና ከሌሎች ስፍራዎች ጕድጓዶች ታገኛለች።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፥ የምድር ውስጡ ጭምር የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል፤ ለቤት አገልግሎት የሚውለውንም ውኃ ከሌላው አስቀድሟል። በውኃ የሚጠቀም ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ሲያዝ፥ በእጅ ለሚቈፈር ጕድጓድ ግን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ይህ በእንስራ ለምትቀዳ እናት የሚስማማ ቸርነት ነው። ዛሬ ግን በእጅ በተቈፈረው ጕድጓድ አፍ ላይ ሞተር ተቀምጧል፤ የአንድ ቀን ቅጂውም በእንስራ የሚሰፈር አይደለም። ስለዚህ ቸርነቱ ለእንስራው ጸንቶ፥ ሞተሩ ግን በፈቃድና በልክ እንዲሠራ ሕጉ መታረም ይገባዋል። እስከዚያም ድረስ የየወረዳው ሹም በግዛቱ ያሉትን የሞተር ጕድጓዶች በመዝገብ ያስጽፍ፤ በተመረጡ ጕድጓዶችም የውኃውን ከፍታ በበጋና በክረምት እያስለካ ይጠብቅ። ገቢው ሳይታወቅ ወጪ ብቻ የሚታዘዝበት ግምጃ ቤት ባዶ መሆኑ አይቀርም።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የጌራራ እረኞች ከይስሐቅ እረኞች ጋራ ስለ ጕድጓድ እንደ ተጣሉ በኦሪት ዘፍጥረት አንብበዋልና፥ ውኃ ሲጎድል ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጣላ ለሕዝቡ ለማስረዳት ከእነርሱ የተሻለ የለም። በብዙ አጥቢያ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተረፈው ደን ዝናሙን አቁሞ ወደ ምድር የሚያሰርግ ነው። ይህን ደን ጠብቀው ወደ ተራቈተው ኰረብታ እንዲያሰፉት፥ የመስጊድ ሽማግሎችም በየበኩላቸው እንዲሁ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።

በ2010ሮቹ ዓመታት ደለሉ ተጠርጎ፥ ኰረብታው በእርከን ታስሮ፥ ዝናሙም በዝቶ ውኃ ወደ ሐሮማያ ተመልሶ መታየቱ ለሁላችን ተስፋ ነው። ነገር ግን ሞተሩ እንደ ቀድሞው ሳይቈጠርና ሳይመጠን ከተተወ፥ የመጣው ውኃ ተመልሶ ይሄዳል። አባቶቻችን ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። የጕድጓዶቹ መዝገብ መከፈት ያለበት ውኃው ዛሬ በዓይን ሲታይ እንጂ፥ የሐይቁ ወለል ዳግመኛ ሲሰነጠቅ አይደለም።