ጓሮ በሬ አይጠይቅም

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ አጠባበቅ አነበብን። ዛሬ ስለ አረጋውያንና ስለ ጓሮ አትክልት እናነባለን።

ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚለየው ከሞፈሩ ነው። ጉልበት ይደክማል። በሬ መጥመድ ያቅታል። መሬት ያላቸው አረጋውያን መሬታቸውን ለእኩል ይሰጣሉ። ልጅ ያላቸውን ልጅ ይጦራቸዋል። ልጅ የሌላቸው፣ ወይም ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው ግን የሰው እጅ ያያሉ። አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ቢኒያም በለጠ ያቋቋሙት መቄዶንያ የተባለ መርጃ ማዕከል አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ጧሪ የሌላቸው ሰዎች በዚያ ይረዳሉ። በየገጠሩ ግን እንዲህ ያለ ቤት የለም። የገጠር መጦሪያ ቤት ጎረቤት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ስለ አረጋውያን ይናገራል። መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ያዛል። ስለዚህ አረጋዊን መርዳት ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ ግዴታም ነው።

ታዲያ እርዳታ ማለት እህል መስፈር ብቻ ነው? ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው ቁጭ ብሎ መብላት ያሳፍረዋል። የማይጠቅም ይመስለዋል። እርሻ በሬ ይጠይቃል። ጓሮ ግን የሚጠይቀው ውኃ፣ ዐይንና ትዕግሥት ነው። ዐይኑም ትዕግሥቱም አረጋውያን ዘንድ አለ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ናቸው። የትኛው ፍሬ ለዘር እንደሚቀመጥ፣ ችግኙ መቼ ከመደብ እንደሚነሣ ማን ያውቃል? አባባና እማማ ያውቃሉ። ሳይናገሩ ካለፉ እውቀቱም አብሮ ይቀበራል።

ችግሩ ወገብ ነው። የጎበጠ ወገብ አጎንብሶ መኮትኮት አይችልም። በደቡባዊ አፍሪካ በምትገኘው በሌሶቶ አገር ለዚህ መላ ተገኝቷል። መደቡን በድንጋይ ክበው ከፍ ያደርጉታል። ሕመምተኛም አረጋዊም ሳያጎነብስ ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ለቤት ቅርብ በሆነ ቦታ ክብ ይሠመር። ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ያህል ይሁን።
2. ከዳር ወደ መካከል የሚያስገባ ጠባብ መንገድ ይተው።
3. መካከሉ ላይ ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ረጅም ቅርጫት ይቁም። ልጣጭና ፍግ እዚያ ይጣላል።
4. ዙሪያው እስከ ወገብ ድረስ በድንጋይ ይካብ።
5. ውስጡ የበቆሎ አገዳ፣ ፍግ፣ አመድና ጥሩ አፈር በየተራ ይደረብ። አፈሩ ከመካከል ወደ ዳር ያዘቅዝቅ።
6. የእህልና የአትክልት እጣቢ በቅርጫቱ ላይ ይፍሰስ። ሳሙና ያለበት ውኃ ግን አይፍሰስ።

ፍኖተ ሰላም አካባቢ ላህ ወንዝ አለ። ነገር ግን ከወንዝ ውኃ መቅዳት ለአረጋዊ ከባድ ነው። እጣቢው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በመደቡ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሽንኩርት ይተከላል። ዱባ ስለሚንሰራፋ አጥር ሥር ይሁን። በደንብ የበሰለ ጎመንና ዱባ ጥርስ ለሌለው ሰው ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል።

ድንጋዩን ማን ይሸከም? ወጣቶች ናቸዋ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሥራው በወንፈል ይሁን። አረጋውያን ወንፈሉን በዘርና በችግኝ ይመልሱ። ያኔ እነሱም ሰጪ ይሆናሉ። ምን እንደሚተከል የሚወስኑትም እነሱ ይሁኑ። ጓሮው የእነሱ ነውና።

ለእናንተም ለአዲስ አንባቢዎች ሥራ አለ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ወደ አንድ አረጋዊ ቤት ሂዱ። የዘሩን ስም፣ የተዘራበትንና የተለቀመበትን ቀን ጻፉ። የነገሯችሁንም ጻፉ። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተ ካለ ያርሟችኋል።

እንወያይ

1. በመንደራችን ጧሪ የሌላቸው እነማን ናቸው?
2. ድንጋይ ማን ያመጣል? ፍግስ?
3. የመጀመሪያው መደብ በማን ደጅ፣ በየትኛው ቀን ይሠራ?

ቀኑን ሳትጽፉ አትለያዩ። ለሳምንት ያገናኘን።