ድርጅታችሁ በማን ስም ነው?

በናይሮቢ የሚኖር ወገናችን ስለ ንግዱ ሲጠየቅ አፉን ሞልቶ «የኔ ነው» ይላል። በኢስሊ ያለው የልብስ መደብር የእርሱ ነው፤ በኪሊማኒ የከፈተው ምግብ ቤት የእርሱ ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቤትም የእርሱ ነው። «በማን ስም ተመዘገበ?» የሚል ጥያቄ ሲከተል ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። «በአንድ ወዳጄ ስም ነው፤ የአገሩ ሰው ስለሆነ ለጊዜው በእርሱ አድርገነዋል» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው «ለጊዜው» ከምትባለው ከዚህች ቃል ጋር ነው። ለጊዜው የተባለው ነገር አሥር ዓመት ሲሞላው ገንዘቡም ላቡም የእኛ፣ ሰነዱ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ባለሀብት ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ውሎች፣ ውክልናዎች፣ የኩባንያ መመሥረቻ ጽሑፎችና ቃለ መሐላዎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ በጠረጴዛዬ ላይ ያልፋሉ። የሚያሳዝነው የሚመጡበት ጊዜ ነው። ሰነዱ ሊተረጎም የሚመጣው ሲፈረም አይደለም፤ ከተጣሉ በኋላ ነው። ባለጉዳዩ የሚጠብቀው ተርጓሚው ከወረቀቱ ውስጥ የእርሱን መብት ፈልጎ እንዲያወጣለት ነው። ተርጓሚ ግን የሌለውን ሊተረጉም አይችልም። ስሙ ያልተጻፈበትን ወረቀት ወደ የትኛውም ቋንቋ ቢመልሱት ስሙ አይገኝበትም።

ስለዚህ ሐሳቤን ሳልሸሽግ በመጀመሪያው ላይ ልናገር። በሰው ስም የተመዘገበ ድርጅት የእኛ አይደለም። ይህን ልማድ እንደ ብልሃት እየቆጠርን ለአዲስ መጪዎች ማስተማራችንም መቆም ያለበት ጥፋት ነው።

ልማዱ የቆመው በአንድ ሐሰት ላይ ነው፤ «የውጭ አገር ሰው በኬንያ ኩባንያ ሊኖረው አይችልም» በሚለው። ሕጉ እንዲህ አይልም። በ2015 የወጣው የኬንያ የኩባንያዎች ሕግ አንድ ሰው ብቻውን የግል ኩባንያ እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ ያ ሰው ኬንያዊ መሆን አለበት አይልም። ኢንሹራንስን የመሳሰሉ ጥቂት ዘርፎች የአገሬውን ድርሻ ይጠይቃሉ እንጂ፣ በተራው ንግድ የውጭ ዜጋ መቶ በመቶ ባለአክሲዮን ሊሆን ይችላል። ለግል ኩባንያ ምዝገባ የተወሰነ ዝቅተኛ ካፒታልም የለም። የኩባንያው ስም ይያዛል፤ ቅጾቹ ይሞላሉ፤ የዳይሬክተሮቹና የባለአክሲዮኖቹ ማንነት ይገለጻል፤ የግብር መለያው፣ ሁላችን «ፒን» የምንለው፣ ይወጣል። ምዝገባው የሚካሄደውም በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት በኩል ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ «የአገሩን ሰው ስም ተበደሩ» የሚል አንቀጽ የለም። ገደብ ያለው በመሬት ላይ ነው፤ የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ፣ ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲይዝ ይደነግጋል። ምግብ ቤት ለመክፈት ግን የመሬት ባለቤት መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ሐሰቱ ለምን ዕድሜ አገኘ? ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሆን ተብለው ስለሚደባለቁ ነው። ኩባንያ መመዝገብ አንድ ጉዳይ ነው፤ በኬንያ ተቀምጦ በዚያ ኩባንያ ውስጥ መሥራት ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የንግድ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሥራ ሲሆን ሁለተኛው የኢሚግሬሽን ነው። ለኢንቨስተር የሚሰጠው የ«ጂ» ክፍል ፐርሚት የ100,000 የአሜሪካን ዶላር ካፒታል ማስረጃ ይጠይቃል። ደላላው ይህን አኃዝ አንሥቶ በምዝገባው በር ላይ ይለጥፈዋል። «መቶ ሺህ ዶላር አለህ?» ይላል። የለም። «እንግዲያው በኔ ሰው ስም እናድርገው» ይላል። ባለ ሃያ ሺህ ዶላሩ ወገናችንም በሩ የተዘጋ መስሎት በመስኮት ይገባል። የአክሲዮን ባለቤት ለመሆን ያ ገንዘብ እንደማይጠየቅ የሚነግረው የለም። ቢነገረው ደላላው ምን ይበላል?

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልስለት ማለፍ አልሻም። «ባለአክሲዮን ብሆንስ፣ ፐርሚት ከሌለኝ በገዛ ሱቄ መሸጥ ካልቻልኩ ምን ረባኝ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አክሲዮን የሥራ ፈቃድ አይደለም። ይሁን እንጂ ስም መበደርም የሥራ ፈቃድ አይሆንም! በወዳጁ ስም የነገደ ሰው ኢሚግሬሽን ሲመጣ ያው ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ በሰነድ ላይ ያለው ሰው ቢባረር እንኳ ንብረቱ ይከተለዋል፤ ስሙ የሌለው ባዶ እጁን ይሄዳል። የመሥራት መብት ያለውን ኬንያዊ እውነተኛ ሸሪክ ማድረግ፣ ድርሻውን በስሙ፣ ድርሻችንን በስማችን ማስጻፍ ይቻላል። ሽርክና ጥንትም ያለ ነው። ስደተኛ ለሆኑት ደግሞ ራሱን የቻለ የ«ኤም» ክፍል ፐርሚት አለ፤ በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግም ስደተኛ ሠርቶና ነግዶ የማደር መብት እንዳለው ይናገራል። ፐርሚቱን ማግኘት ደጅ መጥናትን ይጠይቃል። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብና የሚባክነው ዕድሜ ግን ከዚያ ደጅ ጥናት ያነሰ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልብ የሚወጣ ነውና ይከብዳል። «እኛ እኮ እንተማመናለን፤ ክርስትና ያነሣልኝ ሰው ነው፤ ወረቀት ብጠይቀው ነውር ነው» ይባላል። መተማመን ትልቅ ሀብት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወረቀት ከባዕድ የመጣብን ነውር አድርገን ማሰባችን የራሳችንን ባህል አለማወቅ ነው። እቁብ የሚጥሉት ጎረቤታሞችና ወዳጆች ናቸው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ግን ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ዕድር መዝገብና ጸሐፊ አለው። ከጋብቻ በላይ መተማመን የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ወላጆቻችን ግን በሰማንያ ተጋብተዋል፤ ምስክርም አስቀምጠዋል። ዋስ የጠራ፣ መዝገብ የያዘ፣ ሰማንያ የፈረመ ሕዝብ የልጆቹን እንጀራ በቃል ብቻ ለሰው ሲያስረክብ ባህሌ ነው ሊል አይገባም። የባህሉ ቃል «ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ይወረሳል» ነው።

ይወረሳል የሚለው ቃል እዚህ ላይ የምር ነው። ስም አበዳሪው ፍጹም ታማኝ ነው እንበል። ታማኝ ሰው አይሞትምን? በሞተ ማግስት በስሙ ያለው አክሲዮን በውርስ ጉዳይ ይገባል። ባለቤቱና ልጆቹ ስለ ቃል ኪዳኑ የሚያውቁት ላይኖር ይችላል፤ ቢያውቁም በእጃቸው ያለው ሰነድ የአባታቸው ስም ያለበት ነው። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ማንም ወራሽ እንደሚያደርገው በወረቀቱ ይሄዳሉ። አንዳንዶች «ውክልና ሰጥቶኛል» ይላሉ፤ ተራ ውክልና ግን ከወካዩ ሞት በኋላ አያገለግልም። ስም አበዳሪው ከባለቤቱ ሊፋታ ይችላል፤ ዕዳ ገብቶ አበዳሪዎቹ በስሙ ያለውን ሁሉ ሊከታተሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ወገናችን ፍርድ ቤት ቆሞ ገንዘቡ የእርሱ እንደነበር የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። ለማስረዳትም፣ ለዓመታት ያለ ፈቃድ በድብቅ ሲነግድ እንደኖረ በገዛ አንደበቱ መናገር ግድ ይሆንበታል።

ኬንያዊውንም አንርሳው። ስሙን በወዳጅነት ያበደረ ሰው ያላየው ግብር፣ ያልቀጠረው ሠራተኛ፣ ያልሰበሰበው ዕዳ በደጁ ይመጣበታል። የዓመቱን ሪፖርት ካላቀረብን የሚጠየቀው እርሱ ነው። «ባለሀብት ነኝ» እያልን የሌላውን ደሀ በማያውቀው ዕዳ ማስያዝ ከመበደል በምን ይለያል?

ነገሩ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ከብልሃትነት ወደ ጥፋትነት ተሸጋግሯል። በዚያ ዓመት በወጣው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ኩባንያ እውነተኛ ተጠቃሚ ባለቤቶቹን መዝግቦ ማሳወቅ አለበት። በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ቢያንስ 10 በመቶ ድርሻ ወይም ድምፅ ያለው ሰው ከመጋረጃ ጀርባ መቀመጥ አይችልም። አለማሳወቅ ያስቀጣል። ስለዚህ ዛሬ በሰው ስም ሲያስመዘግብ «ከሕግ ጋር ተስማምቼ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ራሱን እያታለለ ነው።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልበል፤ ሙያዬ ነውና። «ዳይሬክተር አድርገውኛል» ብሎ የሚኩራራ ብዙ ነው። በእኛ ጆሮ ዳይሬክተር ማለት የትምህርት ቤቱ ራስ፣ የሁሉ አዛዥ ነው። በኩባንያ ሕግ ግን ዳይሬክተር ኩባንያውን የሚመራ ሹም እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ባለአክሲዮኖች ሊሽሩት ይችላሉ። ባለቤትነት ያለው በአክሲዮን ነው። «የባንኩ ፈራሚ እኔ ነኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፈራሚ በኩባንያው ውሳኔ ይለወጣል። እነዚህን ሦስት ቃላት፣ ዳይሬክተር፣ ፈራሚ፣ ባለአክሲዮን፣ ባለመለየት ብቻ ስንት ቤት እንደፈረሰ ተርጓሚዎች እናውቃለን።

የመንግሥታቱንም ድርሻ መሸፈን አይገባም። መቶ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ፐርሚት ወጥ ቤት የሚከፍተውን ፋብሪካ ከሚተክለው ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል፤ ትንሹን ነጋዴ ወደ ደላላ የሚገፋውም እርሱ ነው። ነገር ግን ኬንያን ለመውቀስ ስንነሣ የቤታችንንም እንመልከት። በ2020 የወጣው የኢትዮጵያ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 ከውጭ ባለሀብት በመደበኛነት ለአንድ ፕሮጀክት 200,000 ዶላር ይጠይቃል፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ለተጣመረ 150,000። በአዲስ አበባ ትንሽ ቡና ቤት መክፈት የሚያምረው ኬንያዊ ከእኛ ይልቅ ከፍ ያለ አጥር ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች በ2012 የልዩ ግንኙነት ስምምነት ተፈራርመዋል። ከስምምነቱ ትሩፋት ለትላልቆቹ ደርሶ ከሆነ ለትንንሾቹም ይድረስ፤ ለሁለቱም አገር አነስተኛ ነጋዴዎች የሚመጥን ፈቃድ ይውጣ። ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ግን በመዝገብ ላይ መታየት ያስፈልጋል። በሰው ስም የተደበቀ ሕዝብ ምን ብሎ ይጠይቃል? ማንስ ይቆጥረዋል?

ትላልቆቹን እንያቸው። ሳፋሪኮም ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በ2021 ፈቃድ ያወጣው በገዛ ስሙ ነው እንጂ በአንድ የአዲስ አበባ ወዳጅ ስም አልነበረም። ጥንትም ቢሆን ወደ አገራችን የመጡ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ስማቸውን ከሱቃቸው በላይ ሰቅለው ነግደዋል፤ የመሐመድአሊ መደብር ስም እስከ ዛሬ በታሪክ የሚነሣው ስለተጻፈ ነው። በባዕድ አገር ስሙን የጻፈ ለልጅ ልጁ ታሪክ ይተዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ንግድ ያለው ሁሉ በዚህ ሳምንት የድርጅቱን «ሲአር 12» ያስወጣ። የኩባንያው ዳይሬክተሮችና ባለአክሲዮኖች የተዘረዘሩበት የመዝገብ ማስረጃ ነው፤ ባንክም ጠበቃም መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ቢሆን እንኳ የራሱን ስም ፊደል ይለያል። ከሌለበት፣ ወዳጅነቱ ሳይሻክር፣ ስም አበዳሪውም በሕይወትና በጤና ሳለ፣ በጠበቃ ፊት አክሲዮኑን ያዛውር። እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ ሸክሙ ስለቀለለለት ያመሰግናል፤ ካንገራገረ ደግሞ እውነቱን ዛሬ ማወቅ ይሻላል። ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችንም ለቀብርና ለበዓል የሚሰበሰበውን ሰው በወር አንድ ቀን የንግድ ሰነድ እንዲያነብ ያሰባስቡት። ጠበቆችም ተርጓሚዎችም አሉን፤ ለዚህ ሥራ ክፍያ የማንጠይቅ ብዙ ነን።

አዲስ የሚመጣው ወጣት ከሞያሌ ወዲህ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «የአገሩን ሰው ስም ፈልግ» የሚል ነው። ከእንግዲህ የሚሰማው «ስምህን አስጽፍ» የሚል ይሁን።