መደበኛ ላይብረሪን መምረጥ የጥናት ዘዴ አካል ነው

አንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም በተመሳሳይ መነሻ ቁጥር በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሠርቶ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው በአጥኚው ላይ ነው። ኮዱ ተነካክቷል ወይስ መረጃው ተለውጧል ተብሎ ይጠየቃል። ሆኖም ሁለቱም ሳይነኩ ውጤቱ ሊለያይ የሚችልበት ምክንያት አለ፤ ይኸውም ፕሮግራሙ የተገነባበት መደበኛ ላይብረሪ ነው። ስለዚህ የላይብረሪው ምርጫ በግንባታ ውቅር ውስጥ በግልጽ ሊሰፍር፣ በመመረቂያ ጽሑፍም ሊጠቀስ ይገባል እላለሁ።

የሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ስንል አንድን ነገር የምንጠራ ይመስለናል። በእርግጥ ግን አንድ የሆነው የደረጃው ሰነድ ብቻ ነው። ሰነዱን በሥራ ላይ ያዋሉ ሦስት ዋና ዋና ላይብረሪዎች አሉ፤ የጂኤንዩ፣ የኤልኤልቪኤም እና የማይክሮሶፍት። በተለመዱት የሊኑክስ ሥርጭቶች ላይ ክላንግን የሚጠቀም ሰው እንኳ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልሰጠ በስተቀር፣ የሚያገኘው የጂኤንዩን ላይብረሪ ነው። በማክ ላይ የኤልኤልቪኤም፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ደግሞ የማይክሮሶፍት ይሆናል። በሲሜክ ፋይሉ ውስጥ ስለ ጉዳዩ ምንም ያልጻፈ አጥኚ ሳይመርጥ ተመርጦለታል ማለት ነው።

ልዩነቱ በጥናት ውጤት ላይ እንዴት እንደሚንጸባረቅ ለማየት የዘፈቀደ ቁጥሮችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደረጃ የመርሴን ትዊስተርን ስሌት በትክክል ይደነግጋል፤ ባለ 32 ቢቱ ዓይነት በነባሪው መነሻ ቁጥር በ5489 ቢጀመር፣ 10,000ኛው ቁጥር 4123659995 እንዲሆን ያዛል። ይህ በሦስቱም ላይብረሪዎች አንድ ነው። እነዚህን ጥሬ ቁጥሮች ወደ ኖርማል ሥርጭት ወይም ከ1 እስከ 6 ወዳሉ ቁጥሮች የሚለውጠውን አልጎሪዝም ግን ደረጃው ለላይብረሪው ጸሐፊዎች ትቶታል። ቅደም ተከተልን የሚያዘበራርቀው ተግባርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መረጃውን አዘበራርቆ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ የሚከፍል ፕሮግራም በሊኑክስና በማክ ላይ የተለያዩ ክፍልፋዮችን ሊያወጣ ይችላል። እኩል ዋጋ ያላቸው አባላት ከተደረደሩ በኋላ የሚይዙት ቦታ፣ በሐሽ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉ አባላት የሚነበቡበት ተራም በደረጃው አልተወሰኑም። አስርዮሽ ቁጥሮች በተለያየ ተራ ሲደመሩ ደግሞ ድምራቸው በመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያይ ይችላል።

ነባሪው ራሱም ቋሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጂሲሲ 5 የጽሑፍ ዓይነቱን ውስጣዊ አሠራር በመለወጡ፣ በአሮጌውና በአዲሱ አሠራር የተገነቡ ክፍሎች ጽሑፍ በሚለዋወጡበት ቦታ ሊጣመሩ አልቻሉም። በ2018 ኤክስኮድ 10 በጂኤንዩ ላይብረሪ መገንባትን አስቀረ፤ በዚያው ዓመት የአንድሮይድ መገንቢያ 18ኛ እትም የኤልኤልቪኤሙን ብቻ አስቀረ። ዛሬ በዝምታ የተመረጠልን ነገ በዝምታ ሊቀየርብን ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ፣ ነባሪውን መተው ይሻላል የሚል ነው። ክርክሩ መሠረት አለው። በሊኑክስ ላይ ተዘጋጅተው የሚመጡት እንደ ቡስትና ኪውት ያሉ ጥቅሎች የተገነቡት በጂኤንዩ ላይብረሪ ነው። የራሳችንን ፕሮግራም በኤልኤልቪኤም ብንገነባ ከእነርሱ ጋር ማጣመር ይሳነናል፤ ሁሉንም እንደገና መገንባት ሊኖርብን ነው። ይሁን እንጂ ተቃውሞው የሚያረጋግጠው ነባሪው ብዙ ጊዜ ጥሩ ምርጫ መሆኑን እንጂ ስሙ መጻፍ የሌለበት መሆኑን አይደለም። እኔም አንዱ ላይብረሪ በሁሉም ቦታ ይጫን አልልም፤ የተመረጠው ይታወቅ እላለሁ።

ለዚህ ሦስት ነገሮች በቂ ናቸው። አንደኛ፣ የላይብረሪው ስም ለየመድረኩ በተዘጋጀ የቱልቼይን ፋይል ውስጥ ይጻፍ፤ በክላንግ ሲገነባ ትእዛዙ ለማጠናቀርም ለማጣመርም መሰጠት እንዳለበት አይዘንጋ። በዋናው የፕሮጀክት ፋይል ውስጥ መቅበሩ ግን ሌላ መድረክ የሚጠቀመውን ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ደረጃው ክፍት በተወው ላይ ውጤታችን የሚመሠረት ከሆነ ያንን ክፍል ራሳችን እንጻፈው፤ ጥሬውን ቁጥር ወደሚፈለገው ወሰን መለወጥ ወይም ለእኩል አባላት ማለያያ መስፈርት መጨመር ጥቂት መስመሮች ብቻ ይጠይቃል። ኖርማል ሥርጭት ሎጋሪዝምን የመሰሉ ስሌቶች ስለሚያስፈልጉት በሒሳብ ላይብረሪው የተነሳ ጥቃቅን ልዩነት ሊቀር ይችላል፤ እርሱም ይገለጽ። ሦስተኛ፣ በጥናት ዘዴው ምዕራፍ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የኮምፓይለሩና የመደበኛ ላይብረሪው ስም ከነእትማቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስፈሩ።

የናሙና አወሳሰዳችንን ሳንገልጽ ጽሑፋችን እንዲጸድቅ አንጠብቅም። ፕሮግራማችን ናሙናውን የሚወስደው በመደበኛ ላይብረሪው አማካይነት ከሆነ፣ ስለ ላይብረሪው ዝም የምንልበት ምክንያት የለም። ከዓመታት በኋላ ሥራችንን ተረክቦ የሚቀጥል ተማሪ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉት፣ ስሕተት ፍለጋ ወራት ከማጥፋቱ በፊት የሚያየው አንድ መስመር ልንተውለት ይገባል።