ማሊያ ወይስ ማትሪክ? የደብረ ብርሃን ልጆች ሒሳብ

መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ሜዳ በልጅ ይሞላል። ታኬታ ያለው በታኬታ፣ የሌለው በሸራ ጫማ ይሰለፋል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በወጣ ማግስት ግን ቡድኑ መሳሳት ይጀምራል። የሚገርመው ደግሞ ቀድመው የሚጠፉት ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚውሉት አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው 12ኛ ክፍል የደረሰው አምበሉ ነው።

እኛ የኳስ ሰዎች ዝውውር ሲባል የሚታየን የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚያደርገውን ዝውውር ከቁም ነገር አንቆጥረውም። የአገራችን እግር ኳስ ግን በየዓመቱ በዚሁ ዝውውር ተጫዋች ያጣል። "ቡድኑን ልልቀቅ ወይስ ልቀጥል?" የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባም አለ፣ ሐዋሳም አለ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ፣ በተለይ ከአንኮበርና ከአካባቢው ወረዳዎች መጥቶ ለሚማር ልጅ፣ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ሁለቱም በሮች ጠባብ ናቸው

"ኳስ እንጀራ አይሆንም" የሚል ወላጅ ዱሮም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ፍርሃቱ ቁጥር አገኘ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ ማብቂያ በተሰጠው ቀጣይ ፈተና 845,099 ልጆች ተቀምጠው ማለፊያውን ያገኙት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው። ነገር ግን በ2017ም ቢሆን ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከማለፊያው በታች ነው የቀረው። ይህን ሰምቶ ልጁን ከሜዳ የማይጎትት ወላጅ ማን ነው?

አሁን ደግሞ የኳሱን በር እንቁጠር። በ2015 የውድድር ዓመት ፕሪሚየር ሊጋችን ውስጥ 16 ክለቦች ነበሩ። እያንዳንዱ 25 ተጫዋች ይይዛል ብንል 400 ቦታ ይሆናል። ቦታዎቹ ደግሞ ባዶ አይደሉም፤ ነባሮች አሉ፣ ከውጭ የመጡ በረኞችና አጥቂዎች አሉ። እንግዲህ "ማንም አላለፈም" የተባለበት የዚያ ዓመት ፈተና እንኳ ያሳለፋቸው ልጆች ከሊጉ ቦታ በ68 እጥፍ ይበልጣሉ።

"ደመወዙስ?" የሚል ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያወጡ፣ በየሰፈሩ የተሰማው "ጣሪያ" የሚለው ቃል አልነበረም፤ "50 ሺህ" የሚለው ነው። ደመወዝ ለወራት ተይዞባቸው ልምምድ ያቆሙ ተጫዋቾች ወሬ ግን የዚያን ያህል ሩቅ አይሄድም።

ስለዚህ በቁጥር ብቻ ከሄድን መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ኳሱን ጥሎ ደብተሩን መያዝ። ነገር ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ የተረሳ ነገር አለ። ቡድኑን የለቀቀ ሁሉ አያጠናም።

ስድስቷ ሰዓት የት ትገባለች?

አንድ የትምህርት ቤት ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ ስድስት ሰዓት ነው። በብርድ ወራት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ ሦስቱን የእንግሊዝ ጨዋታ አይቶ ማታ 4 ሰዓት ተኩል የሚወጣ ልጅ ሰባት ሰዓት ጨረሰ ማለት ነው። በአንድ ቀን! እሁድን አልቆጠርንም። ሰኞ ክፍል ውስጥ ስለ ዳኛው ውሳኔ የሚከራከርበትንም አልቆጠርንም።

ይህ ገጽም የሚነበበው በእነዚያ ጨዋታዎች ነው። እውነቱ ግን መነገር አለበት። ለማጥናት ብሎ መጫወቱን ትቶ ማየቱን የቀጠለ ልጅ፣ ላቡን ነው እንጂ ጊዜውን አላተረፈም። መቀነስ ካለበት መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ማየቱ ነው። ቡድኑን ለመልቀቅ ያሰበ ልጅ ራሱን መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ይሄ ነው፦ ስድስቷን ሰዓት ለየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ቀን፣ የት ቁጭ ብዬ ነው የማውላት? መልስ ካለው፣ ይልቀቅ። መልስ ከሌለው ግን መልቀቁ ፍርሃት ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም።

ውርጭ፣ ፈረቃና ስንቅ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም እያሉ የሚቀልዱም አሉ። ማለዳ ልምምድ መሥራት ከባድ ነው፤ ማታም ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ብርዱ ይመጣል። ትምህርቱ በፈረቃ በሆነበት ትምህርት ቤት ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ አጥቂ ከከሰዓቱ ፈረቃ ተከላካይ ጋር የሚገናኘው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ የስንቅ ቀን ነው። ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጥቶ፣ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ እንውሰድ። እንጀራውም በሶውም የሚመጣው ከቤት ነው። ቅዳሜ ይሄዳል፣ እሁድ ይመለሳል። ጨዋታ ከገባ ስንቁ ይቀራል፤ ስንቁን ካመጣ ጨዋታው ይቀራል። ሁለት ቅዳሜ ሲቀር አሠልጣኙ "ዲሲፕሊን የለውም" ይላል። ልጁ ግን የሄደው ራቱን ሊያመጣ ነው።

ሴቶቹ ላይማ ይብሳል። ከልምምድ መልስ የቤቱ ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ ከመሸ ደግሞ የመንገዱ ስጋት አለ። ስለዚህ ሴት ልጅ ቡድኑን ለቀቀች ሲባል ብዙ ጊዜ ውሳኔው የእሷ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት አለ። በርካታ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥርም ልጅና ቤተሰብ ይለያያል። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ቤተሰቦችም ልጆች አሏቸው። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የትምህርት ቤቱ ቡድን ከኳስም በላይ ነው፤ በስሙ የሚጠሩት፣ ሲቀር "የት ጠፋህ?" የሚሉት ሰዎች ያሉበት ቦታ ነው። "ልቀቀው" ማለት የሚቀለው ሌላ ብዙ ነገር ላለው ልጅ ነው።

ሩጫና ኳስ አንድ አይደሉም

አገሩ የሩጫ አገር ነው። አበበ ቢቂላ ራሱ የሰሜን ሸዋዋ የጃቶ ልጅ ነው። ስለዚህ "እነ እገሊት ትምህርቱን ትተው አይደል ስም ያወጡት?" የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ልትማር ነበር። ምዝገባው አለፈባትና ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች፤ በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቷ በ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የለተሰንበት ግደይ ታሪክ ደግሞ ግልባጩ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባርራ፣ የተመለሰችው ትምህርት ቤቱን ወክላ ለመወዳደር ተስማምታ ነው። ከ2013 መስከረም እስከ 2014 ጥቅምት ባለው ጊዜ የ5 ሺህ፣ የ10 ሺህና የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰባበረች። ያኔ ትምህርት ቤቱ በሩን ዘግቶባት ቢቀር ኖሮ?

ነገር ግን ሁለቱም ሯጮች መሆናቸውን ልብ በሉ። የሩጫ ዳኛው ሰዓት ነው። አንዲት ልጅ ሮጣ ሰዓቷን ካየች የት እንዳለች ታውቃለች። ኳስ ግን የሚያይ ዐይን ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ሰው አታሎ የሚያልፍ አማካይ ጥሩ መሆኑን ማን ይነግረዋል? የክለብ መልማይ ሜዳው ድረስ ካልመጣ፣ ልጁ ራሱን የሚለካው ከሰፈሩ ልጆች ጋር ብቻ ነው። ሯጭ ትምህርት ትቶ ሲሄድ ቢያንስ ሰዓቱን ይዞ ይሄዳል። ኳስ ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ የጓደኞቹን ጭብጨባ ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው።

ያማልም የቤት ሥራ ነበረበት

እዚህ ላይ የምናደንቃቸውን እንመልከት። ላሚን ያማል በ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ዋንጫ ፈረንሳይ ላይ ያንን ጎል ሲያስቆጥር ገና 16 ዓመቱ ነበር። ጀርመን የሄደው የትምህርት ቤት ሥራውን ይዞ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱንም በውድድሩ መሐል አለፈ። በእንግሊዝም አካዳሚዎች ልጆቹን የማስተማር ግዴታ አለባቸው። የ1982ቱ የብራዚል አምበል ሶቅራጥስ ደግሞ ሕክምና እያጠና ለቦታፎጎ ተጫውቶ፣ ዶክተር ሆኖ ነው ኮሪንቲያንስ የገባው። ከእኛም ብንወስድ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው፣ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ልዩነቱ የልጆቹ ጉብዝና ብቻ አይደለም። ያማል "ኳስ ወይስ ትምህርት?" ተብሎ አልተጠየቀም። ሁለቱንም እንዲይዝ ጊዜውን ያመቻቹለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ ለማትሪክ ብሎ ቡድን መልቀቅ የለበትም፤ ገና ጊዜ አለው። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለው ሦስቱን የልምምድ ቀን ወደ ሁለት ማውረድ ይችላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ማሊያውን መስቀል ነውር አይደለም። ግን ሹልክ ብሎ መጥፋት ሳይሆን አሠልጣኙን አነጋግሮ፣ "ከፈተና በኋላ እመለሳለሁ" ብሎ ይሁን። በተቃራኒው፣ ለኳሱ ብሎ ትምህርቱን ሊተው ያሰበ ልጅ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የጠራኝ ክለብ አለ ወይ? ካለስ ያስተምረኛል ወይ? ሥልጠናና ትምህርትን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል አዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ምስክር ነው። ክለብ ያልጠራው ልጅ ግን ትምህርት ቢተው የሚጠብቀው ሜዳ ሳይሆን የፋብሪካ በር ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አላነሳትም፤ እዚያም ቢሆን ግን የተማረ ይመረጣል።

ትልቁ የቤት ሥራ የልጆቹ አይደለም። የትምህርት ቤቶችና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ነው። ጨዋታን በፈተና ሳምንት አለማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ከገጠር የመጣው ልጅ ስንቅ የሚያመጣበትን ቅዳሜ ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ተፈታኞቹ ፈተና ሲጨርሱ መስከረም ላይ አንድ ውድድር አዘጋጅቶ መልማይ መጋበዝም የሰማይ ያህል አይርቅም።

ማሊያውን የሚያወልቀው ልጁ ነው። እንዲያወልቅ የሚያስገድደው ግን የጊዜ ሰሌዳው ነው፤ የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ የሚያወጡት አዋቂዎች ናቸው።