ሕመምተኛን ቀበሌውን አትጠይቁት

ለፋርጣ፣ ለጉና በጌምድር፣ ለእስቴና ለጋይንት ሽማግሌዎች፤ ለደብረ ታቦር የእድር ዳኞች፤ በዕድሜ ለምትስተካከሉኝ ሁሉ።

ወንድሞቼ፣ ሰሞኑን በየእድሩና በየቀበሌው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ሲደጋገም እሰማለሁ። «ተፈናቃዩ በእኛ መዋጮ ለምን ይታከማል? መድኃኒቱ ለእኛም አልበቃ» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከእነርሱ መካከል በ2013 ክረምት ከጋይንት የሸሸውን ሰው ከልጆቹ ጋር ቤታቸው ያሳደሩ አሉ። እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነው። ክፉ ሰው የተናገረውን ሰሚ ይጠራጠረዋል፤ እናንተ የተናገራችሁትን ግን ካርድ ክፍል የተቀመጠው ልጅ እንደ ሕግ ይይዘዋል።

ቁጣው ከምን እንደመጣ አላጣሁትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 የሙከራ ወረዳዎች አንዱ የእኛው ፎገራ ነበር፤ ከአማራ ክልል አብረውት የገቡት ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ስለዚህ ይህ ዞን መድንን ከሌላው ቀድሞ ያውቀዋል። ገበሬው ገብሱን ሸጦ፣ በጉን ሸጦ መዋጮውን ይከፍላል። ደብተሩን ይዞ ሲሄድ ደግሞ ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ «ይኼ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይለዋል። ከፍሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ግን ከወለጋ የተፈናቀለ ሰው እዚህ ከመድረሱ በፊትም «ከውጭ ግዙ» ስንባል የኖርን ሰዎች ነን። መደርደሪያውን ያራቆተው የመንገድ መዘጋት፣ የበጀት መዘግየትና ጦርነቱ ነው። በእነዚህ ላይ አፋችንን ለመክፈት ስለምንፈራ ቁጣችንን ምንም ሊያደርገን በማይችለው ሰው ላይ እያወረድን ይመስለኛል። ይህን ስል ብዙዎቻችሁ እንደምትከፉብኝ አውቃለሁ።

ወሬው ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ያየሁትን ልንገራችሁ። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆማለች፤ ልጁ ትኩሳት አለው፤ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ከብብቷ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። የመድን ደብተር ነው፤ የባሏና የልጆቿ ስም በተራ ተጽፎበታል፤ የዓመቱ መዋጮ የተከፈለበት ማኅተም አለበት። ማኅተሙ ግን የምሥራቅ ወለጋ ወረዳ ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ መለሰላት። ነፃ ሕክምና እንድታገኝ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አላት። ቀበሌው ደብዳቤ የሚጽፈው ለነዋሪ ነው። ነዋሪ ለመባል መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ከለቀቀችበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባት። መሸኛውን ማን ይጻፍላት? ከዚያ ቀበሌ በሌሊት ነፍሷን ይዛ የወጣች ሴት ናት። የዚያን ቀን ተሰልፈው ከነበሩት አንዱ ከኪሱ ከፍሎላት ልጁ ታከመ። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ሰልፉ ውስጥ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ልግባ። እናንተ እብናትን ረስታችኋል?

በ77 ድርቅ እብናት ላይ የነበረው መጠለያ ከበለሳም ከሌላም ተርቦና ታሞ የመጣ ሰው ሞልቶበት ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሹማምንቱ «ዝናብ ደርሷል፣ ሂዱና እረሱ» ብለው መጠለያውን አስለቀቁት። ከ30 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወጣ። ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። ታማሚው፣ አራሷ፣ መቆም ያቃተው ሽማግሌ ሁሉ በእግሩ ሂድ ተባለ። በዚያ ዘመን በየመጠለያው ኮሌራ ይገድል ነበር፤ መንግሥት ግን ኮሌራ ብሎ መጥራትን ከልክሎ «ተቅማጥና ትውከት» ያሰኝ ነበር። የእብናቱ ነገር በዓለም ሲሰማና ጩኸቱ ሲበዛ አዲስ አበባ ምን አለች? የአካባቢ ባለሥልጣናት ስህተት ነው አለች። እጇን ታጠበች። የእብናት ስም ግን ከዚያ ወዲህ በውጭ ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ የተጻፈው ከዚህ ድርጊት ጋር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ክፉ ውሳኔ ከላይ ቢመጣም ከታች ቢመጣም፣ ሲጋለጥ ተጠያቂ የሚደረገው ከታች ያለው ነው። ዛሬ ደግሞ ማንም ሳያዘን ራሳችን እንወስን የምንል ሆነናል።

ሌላው የሚያሰጋኝ በሽታው ነው። ሊቦ ከምከምን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ እየወረዱ የሚመለሱ ድሆች ሆዳቸው እያበጠ፣ ሰውነታቸው እየመነመነ ይሞቱ ነበር። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ሲሰጣቸው ቆየ። ካላአዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ግንቦት ነው። ያን ጊዜ በሽታው ከሠራተኞቹ አልፎ ከመንደራቸው ወጥተው የማያውቁ ሕፃናትን ይዞ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምናውን በነፃ ባይጀምሩ፣ ለሳምንታት በየቀኑ የሚወጋውን መርፌ ከፍሎ የሚጨርስ ገበሬ አልነበረም። ድሃው ዘግይቶ ሲመጣ በሽታውም ዘግይቶ ይታወቃል። በእኛ በደጋው ደግሞ፣ በጉና ብርድ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ሲያድር፣ ቅማል ይበዛል፤ ተስቦና ግርሻ በቅማል ይመጣሉ። ከካርድ ክፍሉ የመለሳችሁት ሰው በአንድ ገበያ፣ በአንድ ምንጭ፣ በአንድ ቅዳሴ ያገኛችኋል። ተላላፊውን በሽታ ፈርታችሁ ብቻ አክሙት ማለቴ አይደለም፤ እግሩን የተሰበረው ሰው ለማንም አያስተላልፍም፣ እርሱም መታከም አለበት። የሚያስፈራው ብቻ የሚገባው ሰው ካለ ይህንንም ይስማ ብዬ ነው።

የራሳችንንም ጊዜ አስታውሱ። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ 9 ቀን በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች። ሆስፒታሏ ተዘረፈ። ያን ጊዜ የተደፈሩት ሴቶች ሕክምና ቢፈልጉ በቅርባቸው የሚያክም ጠፋ። በዚያው ወር ደብረ ታቦር ራሷ በመድፍ ተመታች፤ እንሽሽ ወይስ እንቆይ እያልን ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ግስጋሴያቸው ጉና ላይ ባይገታ ኖሮ የባሕር ዳር ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተሰልፈን የደብረ ታቦር ደብተር የምናሳየው እኛ ነበርን። ይህን የረሳ ሽማግሌ ልጆቹን ምን ያስተምራል?

ሕጉን በአጭሩ ልጥቀስ፤ ጠበቃ አይደለሁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ሰው በመረጠው የአገሪቱ ክፍል እንዲኖር ይፈቅዳል። አገራችን ስለ ተፈናቃዮች የወጣውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1187 አጽድቃለች። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ስደተኛ ለሚባለው ለውጭ ሰው እንኳ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ መፍቀዱ ነው። ዳባት አለምዋጭ ያለው ኤርትራዊና ከ2015 ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ሱዳናዊ በሕግ ሕክምና ሲፈቀድለት፣ ኢትዮጵያዊቷን በማኅተም እንመልሳት? የሚቆጣ ደግሞ «እንግዲያውስ ስደተኞቹንም ይከልክሉ» ሊል ይችላል። ሲልም ሰምቻለሁ።

ለእርሱ የማነሣለት የካናዳን ነገር ነው፤ ከዚህ ዞን የሄዱ ልጆች እዚያ ጥገኝነት ጠይቀዋልና። የካናዳ መንግሥት በሰኔ 2004 ለስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች የሚከፍለውን የሕክምና ወጪ ቆረጠ። ምክንያቱ ከእናንተው ጋር አንድ ነበር፤ ግብር ከፋዩ ራሱ የማያገኘውን ሕክምና ስደተኛው ለምን ያገኛል የሚል። አንዳንዶቹ የሚታከሙት በሽታቸው ለሌላው ሕዝብ የሚያሰጋ ከሆነ ብቻ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ አደባባይ ወጡ፤ ክስ ተመሠረተ። በሰኔ 2006 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዳኛ አን ማክታቪሽ ውሳኔው ጭካኔ ነው ብለው ሻሩት፤ በመጋቢት 2008 ሙሉው ሕክምና ተመለሰ። ቶሮንቶ ያለችው ልጃችሁ ታክማ ስትደውል «እግዚአብሔር ይስጣቸው» የምትሉ ሰዎች፣ እዚህ ስትደርሱ ሌላ ፍርድ አትፍረዱ። የደብረ ታቦርን ሆስፒታል እንኳ የጀመሩልን ከባሕር ማዶ የመጡ የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን ነበሩ።

የመድኑ ገንዘብ ይጠበቅ ከተባለ የሚጠበቅበት መንገድ አለ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና ቀድሞም ለማንም በነፃ ነው፤ በእነዚህ ማንም ማንንም የመመለስ ሥልጣን የለውም። ለቀረው ደግሞ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በመንግሥት ድጎማ በመድኑ የሚታቀፉበት አሠራር አለ። ተፈናቃዩ በዚያ መዝገብ ከገባ ድጎማውም አብሮት ይመጣል፤ ካልገባ ግን ታሞ ሲወድቅ ያለ ድጎማ በእኛው ላይ ይወድቃል። የሚያስገባው የቀበሌው ማረጋገጫ ነው፤ መሸኛ ለሌለው ሰው ደግሞ የሽማግሌዎች ምስክርነት በቀበሌው ዘንድ ክብደት አለው። «ይህቺ ሴት በመካከላችን ትኖራለች» ብሎ መፈረም ለእናንተ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። «ተፈናቃይ በመዋጯችን አይታከም» የሚል ሐሳብ በእድራችሁ ሲነሣ በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር ተቃወሙ። ከሰፈረም አትፈርሙ። ይልቅ በየቀበሌያችሁ ያሉትን ቤተሰቦች ስም ይዛችሁ ወደ ወረዳው ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሳይዘጋ አስመዝግቧቸው።