ግቢው ሲዘጋ ጎንደር ትከፈታለች

ጎንደርን ሊያይ የመጣ እንግዳ ውሎው የታወቀ ነው። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከምሳ በኋላ ጥምቀተ ባሕሩና ቁስቋም። አመሻሽ ላይ በሩ ይዘጋል፤ አስጎብኚው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሰናበታል፤ እንግዳው ሆቴሉ ገብቶ ስፓጌቲ ያዛል። በማግስቱ ወደ ሰሜን ተራሮች ይነሳል። ጎንደርን አየ ይባላል። እኛ ግን ገና አላየም ባዮች ነን!

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገሥታቱ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ይነግረናል። ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር የሚነግረን ደግሞ ጠላ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና የአዝማሪው ማሲንቆ ነው። ችግሩ እነዚህ የሚደምቁት አስጎብኚው ቤቱ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ለስፔኖች ቀድሞ ገብቷቸዋል። ሴቪያ ወይም ሳን ሴባስቲያን ብትሄዱ አስጎብኚው ማታ ማታ በአሮጌው ሰፈር ከቤት ቤት ያዞራችኋል። እዚህ አንድ ብርጭቆና ትንሽ ሳህን፣ እዚያ ሌላ። ታፓስ ይሉታል፤ ቃሉ «ክዳን» ማለት ነው። ክዳንስ የእኛም ሞሰብ አለው! እኛ «ቅምሻ» ብንለው ምን ይጎድልብናል?

እስቲ ምሽቱን በሐሳብ እንሂድበት። 12 ሰዓት ላይ ፒያሳ እንገናኝ። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ጎንደር ከጣሊያን እጅ የወጣችው ከአዲስ አበባ ዘግይታ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ማኪያቷችንን እየጠጣን ይህን እንስማ። ከዚያ ጠላ ቤት። ጌሾውንና ብቅሉን እያየን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ የእነ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ገብስ እንዴት ጠላ እንደሚሆን ጠማቂዋ ራሷ ትንገረን። ቀጥሎ ጠጅ ቤት፤ በብርሌ ጠጅ፣ ከጎኑ ዱለት ወይም ጥብስ። ማር ሲወደድ ስኳር የሚቀላቅል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉብኝቱ እንግዳ የሚያመጣው የማር ጠጅ ለሚጥል ቤት ብቻ ቢሆን ለእውነተኛው ጠጅ ገበያ ይሆነዋል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነም ጉብኝቱ አይሰረዝም፤ ሽሮ፣ ስልጆና ተልባ ይቀርባል። ለማይጠጣ ሰው ብርዝ አለለት።

መጨረሻው አዝማሪ ቤት ነው። የአስጎብኚ ሙያ የሚፈተነውም እዚህ ነው። አዝማሪው እንግዳውን ያወድሰዋል፣ ወዲያውም ያሽሟጥጠዋል፤ ታዳሚው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብለዋል። ሰሙን ከወርቁ ለይቶ የሚተረጉም ሰው አጠገቡ ከሌለ ፈረንጁ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ግንቡን ቁመቱንና ዘመኑን ሸምድዶ ማስጎብኘት ይቻላል። ቅኔን ሸምድዶ መተርጎም ግን አይቻልም።

ታዲያ አንድ ነገር ላይ ድርቅ እንላለን። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣችን ሲጽፍ ብዙዎች «ዋሸ» አሉት። የሚገርመን የእነርሱ አለማመን አይደለም። የእኛን ማዕድ ዛሬም የሚተርከው ተቀማጩ እንጂ ያበሰለችው ሴት አለመሆኗ ነው። ስለዚህ ቅምሻው የሚጀመር ከሆነ የጠማቂዋ ድርሻ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ጉርሻ እየተባለ በእንግዳው ፈቃድ ላይ አይተው። ካሜራ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ። «የፈረንጅ ዋጋ» የሚባል ነገርም ይቅር።

«የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ በመጠጥ ትታወቅ?» የሚሉን አይጠፉም። ስጋታቸው ይገባናል፤ ግን ጠላና ጠጅ ከድግሳችንና ከዝክራችን ተለይተው አያውቁም። ለመቅመስና ለመስከር መካከል ያለውን ልዩነት መጠበቅ ደግሞ የአስጎብኚው ሥራ ነው። «በዚህ ጊዜ ማን ማታ ይወጣል?» ለሚለውም መልስ አለን። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2015 ደግሞ የክልሉ ግጭት ተከታትለው የጎንደርን እንግዳ አርቀውታል፤ ብዙ አስጎብኚዎችም እጃቸውን አጣጥፈው ከርመዋል። መንገዱ በሚያሰጋበት ምሽት ማንም ከቤቱ አይውጣ፤ ከሰው ነፍስ የሚበልጥ ጉብኝት የለም። ሰላም በሆነ ምሽት ግን የግድ ፈረንጅ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወጣት አለ፣ ለጥምቀት ከውጭ የሚገባው ዘመድ አለ። ስንቶቻችን ነን ጎንደር ደርሰን ከግንቡ ሥር ፎቶ ተነሥተን ብቻ የተመለስነው?

የከተማው ባህልና ቱሪዝም፣ አስጎብኚዎቹና የጠጅ ቤት ባለቤቶቹ ከመጪው ጥምቀት በፊት አንድ ቀን ይቀመጡ። አንድ መስመር፣ አራት ቤት፣ አንድ ምሽት በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች እኛ እንሆናለን፤ ሒሳቡንም እንደ ማንኛውም እንግዳ ከፍለን!